የማን ማርቲ ነሽ?

ኤዶ ከባንኮኒው ኋላ፣ ገና ባልተፈታ የጨርቅ ቦንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። በስተቀኛቸው፣ ግድግዳውን ተከትሎ በተዘረጋው ፍራሽ ላይ፣ የቀብሪበያዋ ላኪ እግሯን ዘርግታለች። ከእሷ ቀጥሎ የፍራሹ ጫፍ ላይ ጎረቤቴና ዋሴ የሆነችው ወተት ነጋዴ ነበረች። በሩ ላይ፣ ግማሽ ፊታቸው ፀሐይ ግማሹ ጥላ ውስጥ ሆኖ፣ የኤዶ ታላቅ ወንድም የሆኑት ሽማግሌ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በባንኮኒውና በፍራሹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ፣ ጃንጥላዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ተቀመጪ ያለኝ ሰው አልነበረም። በዚያ ቤት ለላኪነት የቀረበች ሴት ተቀመጪ እስክትባል ድረስ ትቆማለች። ካልተባለች እንደቆመች ትወጣለች። ይህን አስቀድማ የነገረችኝ ዋሴ ናት።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤ ሶማሌውም፣ አደሬውም፣ ጉራጌውም፣ የእኛም ሰፈር ሰው ኤዶ ነበር የሚላቸው። ሱቃቸው ከጅግጅጋ መናኸሪያ ወረድ ብሎ የሚገኝ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ ቀትር ላይ እንኳ ውስጡ ድንግዝግዝ ይላል። ከቶጎ ውጫሌ የሚመጣው ጣቃ እስከ ጣሪያው ይደረደራል፤ ሽፎኑ፣ ቮይሉ፣ ድሪያ የሚባለው የሶማሌ ቀሚስ የሚሰፋበት፣ የመጋረጃው፣ የአልጋ ልብሱ። ውጭ ነፋሱ አቧራውን አንስቶ የጋሪ ፈረሶችን ዓይን ሲያስጨፍን፣ እዚያ ውስጥ ገብቶ መቆም ብቻውን ዕረፍት ነበር። የአዲስ ጨርቅ ሽታና ሄል የበዛበት የወተት ሻይ ሽታ ይቀላቀልበታል። ዛሬ በዚያ ቦታ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። ነገር ግን የትም ቦታ አዲስ ጣቃ ሲፈታ ያ ቤት ነው ትዝ የሚለኝ።

ኤዶ ማስታወቂያ አልነበራቸውም። በራቸው ላይ የተጻፈ ስም እንኳ የለም። ገበያውን የሚያመጡላቸው ላኪዎች ነበሩ። በቀብሪበያ፣ በአፍደምና በሌሎቹም ከተሞች አንዳንድ ሴት አለቻቸው። ላኪዋ ሠርግ ያለበትን ቤት፣ አዲስ ቤት የሠራን ሰው፣ ልጆቿን ለበዓል የምታለብስን እናት ወደ ኤዶ ትልካለች። ገዢዋ በሩ ላይ ስትደርስ ሽማግሌው፣ "የማን ማርቲ ነሽ?" ይሏታል። ማርቲ እንግዳ ማለት ነው። ገዢዋ የላኪዋን ስም ትናገራለች። ሽማግሌው አይጽፉም፤ በጭንቅላታቸው ይይዙታል፤ ላኪዋም ወር ሲያልቅ ድርሻዋን ታገኛለች። የሰው ማርቲ ለሆነች ገዢ ሻይ ይመጣላታል፤ ጨርቁም ሲለካላት ጨመር ይደረግላታል። ስለዚህ ሶማሌዎቹ ሴቶች የላኪያቸውን ስም መንገድ ላይ ሳሉ ጀምረው ነበር ጮክ ብለው የሚጠሩት። አንዳንዷ የላኪዋን እናትና አያት ሳይቀር ትቆጥርላቸው ነበር።

እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። አባቴ በወታደርነት መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ጅግጅጋ ተወልጄ፣ እዚያው ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ፣ አግብቼ ጥቂት ዓመት አፍደም ኖርኩ፤ ባለቤቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። እሱ ሲያርፍ የስፌት መኪናዬን ባቡር ላይ ጭኜ፣ ከድሬዳዋ ደግሞ በመኪና ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የተሰፋ ልብስ ከጠረፍ በየመኪናው ይገባ ጀመርና የሚያሰፋ ሰው ጠፋ። ናዝሬት ያለው ወንድሜ፣ ቤቱንም መኪናውንም ሽጠሽ ነይ እያለ በመጣ ሰው ሁሉ ይልክብኝ ነበር። ለእኔ አስቦ ነው። እኔ ግን ከጅግጅጋ መውጣት አልፈለግሁም። ጠዋት በሬን ከፍቼ ካራማራን ካላየሁ ቀኑ የተጀመረ አይመስለኝም ነበር።

ኤዶ የቤታቸውን ስፌት፣ የሠርጉን መጋረጃና የትራስ ልብስ ሁሉ፣ ከላኪዎቻቸው ውጭ ለማንም አይሰጡም። ላኪ ከሆንኩ መኪናዬ ሥራ ያገኛል፤ እኔም እቀራለሁ። ካልሆንኩ ናዝሬት ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይዤ ነበር፤ ማህተም ያለበት፣ ፎቶግራፌ የተለጠፈበት። ያደግሁት በመሥሪያ ቤት ሰዎች መካከል ስለሆነ ሥራ የሚጠየቀው እንዲያ ይመስለኝ ነበር። ኤዶ ወረቀቱን ገለበጡት። ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ።

"ይሄ የማን ነው?" አሉ ጣታቸውን ማህተሙ ላይ አድርገው።

"የቀበሌው ነው።"

"ቀበሌው ያውቅሻል?"

"ያውቀኛል።"

"እንግዲያው ይምጣና እዚህ ይቀመጥ።" ወረቀቱን መለሱልኝ። "ወረቀት ሻይ አይጠጣም፣ አባዮ። የሚቀመጥ ሰው ይዘሽ ነይ።"

አባዮ እህቴ ማለት ነው። ቁጣ አልነበረበትም፤ እኔ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ጆሮዬ ይግል ነበር።

የሚቀመጥ ሰው ከአጥሬ ወዲያ ነበረች። ወተት ነጋዴዋ ሶማሌ ናት፤ የኤዶ ላኪ ከሆነች ቆይታለች። ማለዳ ወተቷን ታደርስልኝና ደጃፌ ላይ ትንሽ ታወራለች፤ እኔ እሰማለሁ። ልጠይቃት ብዙ ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ስነግራት የወተት ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ይሄን ሁሉ ዓመት ውኃ ያልገባበት ወተት ስሰጥሽ ለምን መሰለሽ? ይሄን ለመጠየቅ ነው እንደ ሙሽራ የምትቅለሰለሺው?"

"እምቢ ካሉሽ አንቺንም ያሳፍርሻል ብዬ ነው።"

"ለእኔ እምቢ ካሉ ሻያቸውን ያለ ወተት ይጠጣሉ" አለችኝ።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ኤዶ ከኢድ እስከ አረፋ ሰው እንድልክ ፈቀዱልኝ። ከዚያ ይታያል አሉ። ምን እንደሚታይ ግን አልነገሩኝም።

የታየሁት በሰው ነው። አንድ ቀን ውኃ የሚቀዳባት የቦኖዋ ጠባቂ፣ "ወረፋ ላይ ትጣላለች ወይ ብለው የኤዶ ሰዎች ጠየቁኝ፤ ድምፅሽን ሰምቼው እንደማላውቅ ነገርኳቸው" አለችኝ። ሌላ ጊዜ የማላውቃት ወጣት ሴት ከሚያስፈልገው በላይ ጨርቅ አምጥታ ድሪያ አሰፋች። ትራፊውን ጠቅልዬ ስመልስላት ዘርግታ አየችውና ፈገግ አለች። ኋላ ስሰማ የኤዶ ዘመድ ናት። አንዲት ሌላ ደግሞ መጥታ፣ "የኤዶ ጨርቅ ቀለሙ አይለቅም አሉ፣ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የሚለቅም አለ፤ አይተሽ ግዢ" አልኳት።

ዋሴ ይህን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። "እንዲህ ይባላል እንዴ? የቀብሪበያዋ ብትሆን ጨርቁ ዝናብ ያስቆማል ነበር የምትላት።"

እኔ ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ሰፈራችን የመምህራን፣ የነርሶችና የጸሐፊዎች ሰፈር ነው። መጋረጃ የፈለገችውን ኤዶ ዘንድ ሂጂ እላታለሁ። ቤቱ ጨለማ ነው፤ ጨርቁን ይዘሽ በር ላይ ውጪና በፀሐይ እዪው። ጥጉን በምራቅሽ አርሰሽ ነጭ መሐረብ ላይ እሺው። ካልለቀቀ ግዢ። በመጨረሻ፣ እኔ እንደላክሁሽ ንገሪያቸው እላለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ስናገር ድምፄ ዝቅ ይል ነበር መሰለኝ።

ሄዱ፤ ገዙም። ጨርቁን ያመጡት ለእኔ ስለሆነ አውቃለሁ። ከኢድ እስከ አረፋ የሰፈራችን መጋረጃ ተለወጠ ማለት ይቻላል። ማታ ማታ ከመኪናዬ ተነስቼ በመንገዱ ሳልፍ፣ በየመስኮቱ የሰፋሁት ጨርቅ ከኋላው መብራት በርቶበት ይታየኛል። አረንጓዴ ቅጠል ያለበት የመምህሩ ቤት ነው፤ ሰማያዊው የነርሷ። ያን ጊዜ ሰፈሩ እንዲያ ያምር ነበር፤ ሰውም ምሽት ላይ ወንበር አውጥቶ ደጅ ይቀመጣል፤ አንዱ ካንዱ ደጅ ሳይጠራ ያልፍ አልነበረም።

የእህቴ ልጅ አሁን በስልኳ የሰው ዕቃ ታስተዋውቃለች። በእሷ በኩል ገብቶ የገዛ ካለ ድርሻ ይሰጧታል። ሊቀበሏት ማመልከቻ ሞልታ፣ ጥያቄሽ እየታየ ነው የሚል መልስ ከመጣላት ወዲህ ስልኩን ከእጇ አታወርድም። "ምን ይሆን የሚያዩብኝ፣ አክስቴ?" አለችኝ ባለፈው። ትዝ ያለኝ ያ ፍራሽ ነው።

አረፋ አለፈና ተጠራሁ። የቀብሪበያዋ ላኪ በሚኒባስ መጥታ ነበር። ሳቂታ ናት፤ ገና ስገባ፣ "ዝምተኛዋ መጣች" ብላ ለፍራሹ ሁሉ አስታወቀች። ኤዶ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

"የእሷን ማርቲዎች ንገረን።"

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። "በእሷ ስም የመጣች የለችም።"

"አንዲትም?" አለች የቀብሪበያዋ።

"አንዲትም።"

"አባዮ፣ ሰው የምትልኪው በፖስታ ነው እንዴ? እስካሁን አልደረሱም እኮ።"

"አንቺ ደግሞ" አለች ዋሴ። "ከቀብሪበያ ፍየል ሲገባ እንኳ በስምሽ ነው የሚቆጠረው።"

"ፍየሎቼ አፍ አላቸዋ።"

አረንጓዴው መጋረጃ ትዝ አለኝ፣ ሰማያዊውም። የእነዚህን ሰዎች ጨርቅ በገዛ እጄ ነው የቆረጥኩት። ግን ሽማግሌውን በጉባኤ መካከል ተሳስተዋል ማለት ከበደኝ። ደግሞም አልተሳሳቱም፤ እሳቸው የሚሳሳቱ ሰው አልነበሩም። ጃንጥላዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ወንድሜ ለእኔ ያዘጋጀውን ክፍል አሰብኩት። መስኮቱ በጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚከፈተው።

ኤዶ ግን ወንድማቸውን አልለቀቁም። "ከቤተ ክርስቲያኑ ሰፈር የሚመጡት ሴቶች ስትጠይቃቸው ምን ነበር የሚሉህ?"

"በራሴ ነው የመጣሁት። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሉት። አንደኛዋማ ተቆጣችኝ፤ ማን ይልከኛል፣ እግር የለኝም? አለችኝ።"

ፍራሹ ላይ ያሉት ሳቁ። ኤዶ አልሳቁም።

"በራሳቸው የሚመጡት እነዚህ ሴቶች ታዲያ ለምን ጨርቁን ይዘው ወደ በር ይሮጣሉ? ጥጉን ይልሳሉ፤ ነጭ መሐረብ ያወጣሉ። የመጀመሪያዋን ሳይ ታማለች ብዬ ነበር። ሌላዋም መጣች፣ ላሰች። ይኸው አሁን እነሱ ሲገቡ ወንድሜ መንገድ እንዳይዘጋባቸው በርጩማውን ቀድሞ ያነሳል።" ወደ እኔ ተመለከቱ። "ማነው ያስተማራቸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ስምሽን የሚደብቁት ታዲያ ስምሽ ምን ሆኖ ነው?"

ያኔ ገባኝ። በእኛ ሰፈር ገዢ እያመጣች ድርሻ የምትቀበል ሴት ደላላ ነው የምትባለው። ለቤት ሠራተኛ ደላላ፣ ለቤት ኪራይ ደላላ፣ አፏን ሸጣ የምትበላ። የአባቴን ልጅ፣ የባቡር ጣቢያውን ሰው ሚስት፣ ደላላ ሆነች ብለው ሽማግሌው ፊት እንዴት ይናገሩ? ድምፄ ዝቅ ማለቱንም አይተዋል። ስለዚህ ሁሉም፣ ሳይነጋገሩ፣ ሸሸጉኝ። ደግነት ነው። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ ግን አላወቅሁም።

ያስረዳችው ዋሴ ናት። "እነሱ ዘንድ የእኛ ሥራ ደላላነት ነው የሚባለው። የተከበረች ሴት ስለሆነች እንዳይነኳት ብለው ነው።"

የቀብሪበያዋ ሳቋን አቆመች። እግሯንም ሰበሰበች። "እኛስ ታዲያ ምንድን ነን?"

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት፣ ቀብሪበያ፣ ቀብሪበያ ሲል ይሰማል።

"ሴቶቹ ጥሩ ገዢዎች ናቸው" አሉ ኤዶ ቀስ ብለው። "ግን ማርቲ አይደሉም። ማርቲ የሰው ነው፤ የመጣበትን ሰው ስም ይዞ ነው የሚገባው። አንቺ ራስሽ የምታፍሪበት ከሆነ አሁን ንገሪኝ። አንጣላም። ከዚህ ጨርቅ ትገዣለሽ፣ እኔም ሰላም እልሻለሁ። ፍራሹ ላይ ግን የሚያፍርብን ሰው አላስቀምጥም።"

ልመልስላቸው አፌን ስከፍት ቤቱ ጨለመ። በሩ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ቅርጿን ሳይ አወቅኋት፤ የመምህሩ ባለቤት ናት። ባለፈው ሳምንት ለሁለተኛው መስኮት ጨርቅ እንደምትፈልግ ነግራኛለች። ከፀሐይ ስለገባች ዓይኗ ገና አልለመደም።

"የማን ማርቲ ነሽ?" አሏት ሽማግሌው፣ እንደ ልማዳቸው።

ዓይኗ ያን ጊዜ ለመደና አየችኝ፤ መሐል ቤት ቆሜ፣ ሰዎቹ ከብበውኝ። ምን እንደመሰላት እንጃ።

"የማንም አይደለሁም፣ አባባ" አለች። "ሳልፍ ጎራ ብዬ ነው።" ከዚያ በሽማግሌው ራስ በላይ፣ አይዞሽ ለማለት፣ በዓይኗ ጠቀስ አደረገችኝ።

ደግ ሴት ነበረች። ልጇ ሲታመም አብሬያት አድሬ አውቃለሁ፤ ውለታ አትረሳም።

"የእኔ ማርቲ ናት" አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። ከጣቃዎቹ መካከል የተመለሰ መሰለኝ።

"ኧረ እትዬ..." አለች የመምህሩ ባለቤት።

"የላክኋት እኔ ነኝ። ከእሷ በፊት የመጡትንም የላክኋቸው እኔ ነኝ። ከሚሸጠው ጨርቅ ድርሻ አለኝ። ላኪ ነኝ።"

የቀብሪበያዋ አንገቷን አዘነበለች። ኤዶ ወንድማቸውን አዩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ላኪ ስለ ራሷ ብትናገር አይያዝልኝም" አሉ። "ማርቲዋ ትበለው።"

የመምህሩ ባለቤት ወደ እኔ ተመለከተች። ፊቷ ቀልቷል። ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ደግሞ እኔን። እኔም፣ አዎ፣ በይ ለማለት በራሴ ምልክት ሰጠኋት።

"እሷ ናት የላከችኝ" አለች። ቀጥላም ስሜን፣ የአባቴን ስም ጨምራ፣ ትምህርት ቤት እንደሚጠራ አድርጋ ጠራችው።

ስሜ በዚያ ቤት ሲነገር የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ሽማግሌው በከንፈራቸው ደገሙት፤ የአባቴን ስም ትንሽ ቸግሯቸው እንደገና ሞከሩትና ያዙት። መቁጠሪያቸውን ከጉልበታቸው አነሱ።

"ለማርቲዋ ሻይ" አሉ ኤዶ ወደ ጓዳው። ቦንዳው ላይ እየተመቻቹ ወደ እኔ ዞር አሉ። "አንቺስ ምን ይገትርሻል? ተቀመጪ እንጂ።"

የቀብሪበያዋ ወደ ግድግዳው ተጠጋችልኝ። "ነይ፣ ደላላዋ" አለችኝ። "እኔ ለብቻዬ የሁለት ሰው ቦታ ነው የምይዘው፤ ቻይው።" ዋሴ በዚያ በኩል ጎኗን ሰጠችኝ። በመካከላቸው ተቀመጥኩ። ፍራሹ ከሩቅ እንደሚታየው ለስላሳ አልነበረም፤ ውስጡ የጨርቅ ቁርጥራጭ ነው።

የመምህሩ ባለቤት አረንጓዴውን ጣቃ አስወርዳ ጫፉን በክንዷ ላይ ዘረጋች። ወደ በሩ ስትሄድ ሽማግሌው ተነስተው በርጩማቸውን አነሱላት። ፀሐዩ ላይ ቆማ ጥጉን ላሰችው።

ለእኔም የመጣልኝን ሻይ ጨርሼ ብርጭቆውን መለስኩ። ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ።